ጠጋኙ ሳይሆን ሙጫው ይከሰስ

«ጊንጪ እንዳታሠራው! ያበላሹብሃል። አዲስ አበባ ውሰደው።»

በደንዲ ወረዳ ስልኩ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ይህችን ምክር ይሰማል። አምቦም ትነገራለች፣ ጉደርም ትነገራለች። መካሪው ክፋት የለበትም። የአጎቱ ልጅ ስልክ ባትሪ ሊቀየርለት ገብቶ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ወጥቷል። የጎረቤቱ ስልክ ደግሞ ጀርባው አንዴ ከተከፈተ ወዲህ የጣት አሻራ ማንበብ ትቷል። ከዚህ በመነሳት ፍርዱ ይሰጣል፦ የትንሽ ከተማ ጠጋኝ እጁ ሻካራ፣ ዕውቀቱ ጎዶሎ ነው።

ይህ ፍርድ የተሳሳተ ሰው ላይ የተፈረደ ነው። ስልኩ ተበላሽቷል፤ እውነት ነው። ጠጋኙ እጅ ላይ ነው የተበላሸው፤ ይህም እውነት ነው። ግን ጠጋኙ እጅ ላይ የደረሰው ዕቃ እንዲከፈት ሆኖ አልተሠራም። ከፋብሪካ ሲወጣ በሙጫ ታሽጎ ነው የወጣው። የሚከፍተው ሰው ሁሉ ከሙጫው ጋር ትግል እንዲገጥም፣ በትግሉም ከተሸነፈ ወቀሳው በእሱ ላይ እንዲወድቅ ሆኖ ነው የተሰናዳው። የፋብሪካው ባለቤት በዚህ ክስ ላይ ስሙም አይነሳ። ሙሉውን ዕዳ የሚከፍለው ከመናኸሪያው ዳር ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነች ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ነው።

*ድሮ እንዴት ነበር?*

ኖኪያ 1100 የተባለውን ስልክ የማያስታውስ ጎልማሳ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ስልክ ነው። ጀርባው በአውራ ጣት ተገፍቶ ይከፈታል። ባትሪው በጥፍር ተነስቶ ይወጣል። የቀረውን በአንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ብሎን ፈትቶ መበተን ይቻላል። ጀማሪ ጠጋኝ በአንድ ሳምንት ለምዶት ሥራ ይጀምር ነበር። ያን ጊዜ «ጊንጪ አታሠራው» የሚል ሰው ቢኖር ይሳቅበት ነበር።

የዛሬው ስልክ ጀርባው በሙጫ ተጣብቋል። ስክሪኑም እንደዚያው። ባትሪው ደግሞ ከፍሬሙ ጋር በሌላ ሙጫ ተጣብቋል። ባትሪ በተፈጥሮው የሚያልቅ ዕቃ ነው። ጥቂት መቶ ጊዜ ከዜሮ እስከ ሙሉ ከተሞላ በኋላ አቅሙ መውረዱ አይቀርም፤ ይህን አምራቹ ከማንም በላይ ያውቃል። እንደሚያልቅ የሚያውቀውን ክፍል ነው እንዳይወጣ አድርጎ ያጣበቀው።

እዚህ ላይ ጠጋኙ ምን ዓይነት ወጥመድ ውስጥ እንዳለ ቁጥሩ ይናገራል። የስልክ ጀርባ የተጣበቀበት ሙጫ እስኪለሰልስ በአብዛኛው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ አምራቾች ደግሞ ባትሪያቸው ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ያስጠነቅቃሉ። በባትሪው ውስጥ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ወደ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ እሱ ከቀለጠ ባትሪው ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። የጠጋኙ የሙቅ አየር ማሽን አፍ ላይ ደግሞ ከ300 ዲግሪ የሚበልጥ ነፋስ ይወጣል። ሙጫው «አሙቀኝ» ይላል፤ ባትሪው «አታሙቀኝ» ይላል፤ ሁለቱ የተጣበቁት ጎን ለጎን ነው። በመካከላቸው ያለችውን ጠባብ መንገድ ያለ ቴርሞሜትር፣ በሚዋዥቅ መብራት፣ በገመት እንዲያገኛት የሚጠበቀው የጊንጪ ልጅ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ጠጋኝ የተለየ እጅ የለውም። የተለየ ጠረጴዛ ነው ያለው። ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ ማሞቂያ ሰሌዳ አለው፤ በቀን ብዙ ስልክ ስለሚከፍት የእያንዳንዱን ሞዴል ጠባይ ለይቷል። እሱም ቢሆን ስክሪን ይሰነጥቃል፤ ልዩነቱ በሩቅ ስለሆነ ወሬው እዚህ አለመድረሱ ነው።

*ገበሬው የሚያውቀው ጥበብ*

ከጊንጪ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ደንዲ ሐይቅ በሚወስደው አገር ጤፍና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ የእርሻ ዕቃውን ይመልከት። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ምራን። እያንዳንዱ ለብቻው ስም አለው፤ ስም ያለው ለብቻው ስለሚወጣ ነው። ድግር ሲሰበር ድግር ብቻ ይጠረባል። ማረሻ ሲደነዝ ማረሻው ብቻ ቀጥቃጭ ዘንድ ይሄዳል። ምራኑ ሲበጠስ አዲስ ጠፍር ይታሠራል። ድግር ተሰበረ ተብሎ ሞፈርና ቀንበር የሚጥል ገበሬ የለም። ይህ ዕቃ ድንጋያማ መሬት የሚሰነጥቅ፣ በሁለት በሬ ጉልበት የሚጎተት ነው፤ መላላት አይችልም። ቢሆንም ማታ ተፈትቶ በትከሻ ወደ ቤት ይገባል። ጥብቅ መሆንና መፈታት እንደማይጣሉ በዚህ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ከገበሬው የጤፍ ሽያጭ በላይ ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ ሲሸጥለት «ይህ አይፈታም፤ ባትሪው ሲደክም አዲስ ይግዙ» ሲባል ዝም አለ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው ተረት ለዚህ ጊዜ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?

*የአምራቾች ምክንያትና መልሱ*

አምራቾች ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ምክንያት አለ፦ ሙጫው ውሃ እንዳይገባ ነው፤ ስልኩም ስስ እንዲሆን ነው።

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ አምቦ ላይ አለ። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ ሲታሸግ ጋዙ ከውስጥ እየገፋ ነው። ቆርኪው ያንን ግፊት ይዞ ከአምቦ እስከ አገር ዳር ይሄዳል። አንዲት ጠብታ አያፈስም። ሲፈለግ ግን በመክፈቻ ይከፈታል፤ ጠርሙሱም ሳይሰበር ተመልሶ ይታጠባል። ጠርሙሱን ካልሰበሩ ውሃው አይጠጣም የሚል ኩባንያ ቢኖር ማን ይገዛው ነበር?

ምሳሌው ለስልክ አይሠራም የሚል ካለ ስልክ ራሱ ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው በጥፍር የሚከፈት፣ ባትሪው በእጅ የሚወጣ ሆኖ ሳለ በአይፒ67 ደረጃ ውሃ የሚቋቋም ነበር። በማግስቱ ዓመት የወጣው ኤስ6 ግን ተጣብቆ መጣ፤ የሚገርመው ኤስ6 ያንን የውሃ መቋቋም ደረጃ እንኳ አልያዘም። ሙጫው ጨመረ፣ ውሃ መከላከሉ ቀነሰ። ይኸው ኩባንያ በ2022 ለሥራ ቦታ ያወጣው ጋላክሲ ኤክስከቨር 6 ፕሮ እንደገና ባትሪው የሚወጣ፣ በአይፒ68 ደረጃም ውሃ የሚቋቋም ነው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ቃል ከዚህ ክርክር ይውጣ። ይቻላል፤ ተችሎም ታይቷል።

አፕልም ቢሆን በ2024 ባወጣው አይፎን 16 ላይ ባትሪውን አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሚለቅ ሙጫ አጣብቆታል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሲገናኝ ሙጫው ይለቃል። እሳት የለም፣ ምላጭ የለም። ሙጫ ራሱ እንዲለቅ ተደርጎ መሠራት ከቻለ፣ የማይለቀው እንዲለቅ ስላልተፈለገ ነው ማለት ነው።

*ጠጋኙም ዕዳ አለበት*

ይህ ሁሉ ጠጋኙን ከወቀሳ ነፃ አያወጣውም። ሙጫው ጥፋተኛ ስለሆነ ምላጭ የያዘው እጅ ጻድቅ አይሆንም። ባትሪን በካቻቢቴ መፈንቀል፣ ሙጫ እንዲለሰልስ ቤንዚን አፍስሶ ከጎኑ ሙቅ አየር መልቀቅ፣ ያበጠ ባትሪን በአውራ ጣት ደፍጥጦ ጀርባውን መልሶ መግጠም ከሙያ አይቆጠሩም። ከአደጋ ጋር መጫወት ናቸው። የተበሳ የሊቲየም ባትሪ በሰከንዶች ውስጥ ይቀጣጠላል። ጭሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ አለበት። በር አንድ ብቻ በሆነች፣ መስኮት በሌላት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

በሌላው ዓለም አሻንጉሊት ምስሎችን የሚሰበስቡ ጎልማሶች አሉ። የፊልም ጀግና፣ የካርቱን ገጸ ባሕርይ በፕላስቲክ ተሠርቶ ይገዛሉ፤ ራሱን ወይም ክንዱን ለውጠው የራሳቸው ሊያደርጉት ሲፈልጉ በሙጫ ተጣብቆ ያገኙታል። የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ሕግ «አትጎትት» ነው። ሙጫው ምን እንደሆነ ይለያሉ፤ መገጣጠሚያውን በሙቅ ውሃ ነክረው ያለሰልሳሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ቀስ ብለው ያወዛውዛሉ፤ እምቢ ካለ መልሰው ይነክራሉ። ለአንድ መጫወቻ ይህን ያህል ትዕግሥት ከተሰጠ፣ የሰው ቴሌብር፣ የተማሪ ማስታወሻ፣ የሟች አባት ፎቶግራፍ ያለበት ስልክ ከዚያ ያነሰ ሊሰጠው አይገባም።

ትክክለኛው አሠራር ምስጢር አይደለም። የትኛውም ሱቅ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ይችላል፦

1. ስልኩ ይጥፋ። ከመከፈቱ በፊት ባትሪው ከሩብ በታች ይውረድ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ቢበሳ እሳቱ እጅግ የከፋ ነው።

2. ሙጫው ይታወቅ። የፋብሪካው ማጣበቂያ በሙቀት ይለሰልሳል። ቀድሞ የተጠገነ ስልክ ግን ቢ-7000 ወይም ሱፐር ግሉ ሊኖርበት ይችላል። ሱፐር ግሉ ሲሞቅ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ጭስ ይለቃል፤ የሚያሟሟው አሴቶን ደግሞ የስልኩን ፕላስቲክ አብሮ ይበላል። ስለዚህ ደንበኛው «ከዚህ በፊት ተከፍቶ ያውቃል?» ተብሎ ይጠየቅ።

3. ሙቀቱ በጠርዙ ዙሪያ ይዙር፤ አንድ ቦታ ላይ አይቁም፤ ባትሪው ያለበት መሐል ላይ አይነጣጠር። ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ ማሞቂያ ሰሌዳ መግዛት ከአንድ የተሰበረ ስክሪን ካሳ ጋር ሲነጻጸር የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

4. በመምጠጫ ላስቲክ ቀዳዳ ይፈጠር፤ በቀዳዳው ስስ ፕላስቲክ ይግባ፤ ያረጀ የኤቲኤም ካርድ ይበቃል። ጥቂት ጠብታ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል በጠርዙ ይግባና ይጠበቅ። አልኮል ባለበት ሙቅ አየሩ ይጥፋ።

5. የተላቀቀው ክፍል ተጎትቶ አይነሳ። እንደ መጽሐፍ ቀስ ብሎ ይገለጥ፤ ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሳ ገመድ አለ። የጣት አሻራውም ሆነ ስክሪኑ የሚሞተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

6. ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው ሶኬት ይነቀል። ባትሪው መጎተቻ ልጣጭ ካለው ዝግ ብሎ በአግድም ይጎተት። ከሌለው አልኮልና ፕላስቲክ፤ ብረት በፍጹም። የታጠፈ ባትሪ ተመልሶ አይገጠም።

7. ያበጠ ባትሪ ሙቀት አይነካውም። ሥራው ከሱቅ ውጭ ይሁን፤ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገብ ይቀመጥ።

8. ሲዘጋ አሮጌው ሙጫ ተጠርጎ አዲስ ይቀባ፤ በላስቲክ ታሥሮ ይደር። ደንበኛውም «ከእንግዲህ ውሃ አይቋቋምም» ተብሎ እውነቱ ይነገረው።

*ደንበኛውስ?*

ደንበኛው ዝርዝሩን ሲያነብ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ከስምንቱ አብዛኛዎቹ የሚፈልጉት ጊዜ ነው። ባትሪው እስኪወርድ፣ ሙጫው እስኪለሰልስ፣ አዲሱ እስኪደርቅ። ደንበኛው ግን ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ተደግፎ «ቶሎ በል እንጂ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» ይላል። ለባትሪው ዋጋ ይከፍላል፤ ለእጅ ሥራው ሲባል ይከራከራል። ለሰዓት የማይከፍል ደንበኛ ሰዓት የሚፈልግ ሥራ ሊያገኝ አይችልም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ የተሰነጠቀ ስክሪን አለመለቀሙ ነው።

ከዚያም ሰውየው የሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይሄዳል። የትራንስፖርት ይከፍላል፣ የምግብ ይከፍላል፣ አንድ የሥራ ቀን ያጣል። እዚያ «ነገ ና» ሲሉት እሺ ብሎ ያድራል። ያንን «ነገ ና» ለጊንጪው ልጅ ቢሰጠው ኖሮ ግማሹ ጉዳት ባልደረሰ ነበር። ገንዘቡም እዚያው ከተማው ውስጥ በቀረ፤ ልጁም ማሞቂያ ሰሌዳውን በገዛ።

*ማን ምን ያድርግ?*

«ድሃ አገር ትልቅ ኩባንያ አያዝዝም» የሚሉ አሉ። ይህ ሽንፈትን ከጦርነቱ በፊት መቀበል ነው። ቴክኖና አይቴል የተባሉትን ስልኮች የሚያመርተው ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። እዚሁ አገር የሚገጣጠም ዕቃ እንዴት እንደሚፈታ እዚሁ አገር ላለ ጠጋኝ ማሳየት ምን ይከብዳል? የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ ገበያ የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን አለው። በሚመረመሩት ነገሮች ላይ «ባትሪው ያለ እሳትና ያለ ምላጭ ይወጣል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር አገር አያፈርስም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ መሠረት ከየካቲት 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትናንሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያለ ባትሪ ባለቤቱ ራሱ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት፤ ለማውጣትም ሙቀትና ማሟሟያ የሚያስፈልግ መሆን የለበትም። ስልክን በተመለከተ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪና የውሃ መቋቋም ያለው ስልክ ማምለጫ ተትቶለታል። እንደዚያም ሆኖ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ የስልክ ሞዴል ሽያጩ ከቆመ በኋላ እስከ 7 ዓመት መለዋወጫው እንዲገኝ ግዴታ ተጥሏል። ያ ገበያ እየተዘጋ ሲሄድ የማይፈታው ስልክ ወዴት ይላካል? ጠያቂ ወደሌለበት አገር ነው።

በኢትዮጵያ በኩል በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ባትሪው በሙጫ መጣበቁና እንዴት እንደሚወጣ በቂ መረጃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በ2010 የወጣው ደንብ ቁጥር 425ም አለ፤ ስሙ እንደሚናገረው ግን የሚመለከተው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻን ነው። ዕቃው ቆሻሻ ከሆነ በኋላ የሚጨነቅ ሕግ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ቆሻሻ እንዳይሆን የሚጨነቅ ይበልጣል።

የምዕራብ ሸዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ድርሻ አላቸው። ስልክ ጥገናን ከጓደኛ አይቶ የተማረ ወጣት በየከተማው ሞልቷል። ሰርተፍኬት ከመስጠት በፊት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ሥልጠና በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ስለ ባትሪ አደጋና ስለ ሙጫ አፈታት ቢሰጥ፣ ጥቅሙ ከአንድ ሴሚስተር ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል። አስመጪዎች ደግሞ ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሞዴል ተቆርጦ የተዘጋጀውን ማጣበቂያም አብረው ያምጡ፤ ያኔ በሱፐር ግሉ የሚለጥፍ ጠጋኝ ምክንያት አይኖረውም።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው፣ ሊከፍቱት የማይቻል ዕቃ የገዛ ሰው ባለቤት የሆነው በደረሰኙ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ስልክ የሚገዛ ሰው ካሜራውን ሜጋፒክሰል ከመጠየቁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ «ባትሪው እንዴት ነው የሚወጣው?» ሻጩ ካላወቀ አከፋፋዩን ይጠይቅ፤ አከፋፋዩ አስመጪውን ይጠይቅ። ጥያቄው ከጊንጪ ተነስቶ ፋብሪካው በር እስኪደርስ ድረስ ስንጥቁን ስክሪን የሚታቀፈው ያው የሱቁ ልጅ ነው፤ እስከዚያ ቢያንስ ስሙን ማጥፋት ይቁም።